የከተራ ዕለት የመጡት ግመሎች

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ውሃ ጠፍቶ ቦቴ መጣልን። ሾፌሩ የውሃውን ጎማ ሲዘረጋው ውሃው ከባልዲው በፊት ደረቁ አፈር ላይ ፈሰሰ። ያ የረጠበ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ባልዲዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። "እትዬ፣ ተራዎ ደርሷል'ኮ!" ብለው ጮሁብኝ። እነሱ ምን ያውቃሉ? እኔ'ኮ ጅጅጋ ነበርኩ!

ነይ ቁጭ በይና ልንገርሽ። አባቴ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። እኔ እዚያው ጅጅጋ ነው ያደግኩት፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስፈጭ ስለዋልኩ ሶማልኛውን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ። አባቴ ግን ከሰላምታ አያልፍም። ስንት ዓመት ሙሉ "ሰላም፣ ደህና ነህ" ብቻ! ገበያ ስንወጣ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

ጥር ሲገባ አባቴ ሌላ ሰው ይሆናል። ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ውሃ የሚወርደው ጌታ በዮርዳኖስ በዮሐንስ እጅ መጠመቁን ለማሰብ እንደሆነ፣ ዋዜማውም ከተራ የተባለው በጥንት ጊዜ ለነገው ጥምቀት ወንዙን እየከተሩ፣ እየገደቡ ስለሚያጠራቅሙት እንደሆነ ይነግረኛል። ይነግረኛልና ይናደዳል። በጥር ጅጅጋ የሚከተር ምን ወንዝ አላት? ነፋስ እንጂ! በየዓመቱ ቄሶቹ የሚባርኩት በርሜል ውሃ ነበር። አባቴ ከበዓሉ ሲመለስ ጋቢውን ሰቅሎ "በርሜል!" ይልና ይተኛል።

አሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ግን ምእመኑን አነሣሥቶ፣ ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ ላይ አስቆፍሮ፣ በሲሚንቶ አስለስኖ አንዲት ትንሽ ባሕረ ጥምቀት አሠራ። ጥልቀቷ እስከ ወገቤ ነው። "ዘንድሮ ልክ እንደ ጎንደር!" አለኝ ዓይኑ እያበራ። "ውሃው ሲባረክ ከነልብስሽ ዘለሽ ትገቢያለሽ። እኔ በልጅነቴ እንደዘለልኩት!" ጮቤ ረገጥኩ። ለክፍሌ ልጆች በሙሉ አወራሁ። ከአልጋ ላይ እየዘለልኩ ስለማመድ እናቴ "አልጋውን ሰበርሽው! ደግሞ ብርድ ቢመታሽ አላስታምምሽም!" ትላለች። ማን ይሰማታል?

የከተራ ዕለት ጠዋት ቦቴው መጣ። ሾፌሩ ሶማሌ ነው፤ ውሃውን ገልብጦ ሲጨርስ እየሳቀ "ዒድ ሙባረክ!" ብሎን ሄደ። ኧረ ውሃውን ባየሽው! ሰማዩ እንዳለ ውስጡ ገብቷል። ሲሚንቶው ይሸታል፣ አፈሩ ይሸታል። እጄን ነክሬ በብርዱ ጮህኩ። ከሰዓት ሁሉም ታቦት ሊያጅብ ሲሄድ እኔና አባቴ ከሁለት ጎረምሶች ጋር ውሃውን ልንጠብቅ ቀረን።

መጀመሪያ የሰማሁት የእንጨት ቃጭል ድምፅ ነው። ከዚያ አቧራ ተነሣ፣ ከአቧራው ውስጥ ግመሎች ወጡ፤ ሃያ ይሆናሉ። ከኋላቸው አንዲት ከሲታ ሴት ዱላዋን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ትከተላለች። ከጉናጋዶ በኩል ነው የመጣችው። በዚያ አገር ሜዳ ላይ በሲሚንቶ ተለስኖ ውሃ የያዘ ጉድጓድ ካየሽ ቢርካ ነው፤ የዝናብ ውሃ ተጠራቅሞ ከብት የሚጠጣበት። ታዲያ ሴትዮዋ ምን ትበል? ቢርካ ነው ብላ መጣች። እኛ አፋችንን ከፍተን ስናይ የፊተኛው ግመል አንገቱን ውሃው ውስጥ ከትቶታል።

"ሂድ! ሂድ! የታቦት ውሃ ነው!" ጎረምሶቹ ዱላ መዘዙ። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ከግመሎቿ ፊት ቆመችና ጮኸችባቸው።

"ቆዩ እስቲ!" አለ አባቴ። "ምን አለች?"

"'የቢርካውን ባለቤት አገናኙኝ፣ ልለምነው' ነው የምትለው። መንገድ ላይ ያሉት ቢርካዎች ሁሉ ደርቀዋል። ሁለት ግመል ሞቶባታል።"

አንዲት ግልገል ግመል ቦቴው ያንጠባጠበበትን አፈር ትልሳለች። አንጀቴን በላችው። ግን ዝላዬስ? "አባዬ፣ ያልቃል'ኮ!" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

አባቴ ውሃውን አየ፣ እኔን አየኝ። ከሩቅ ከበሮው ይሰማል። የስንት ዓመት ምኞቱ ነው'ኮ! ፊቱ ሲለዋወጥ አያለሁ። በመጨረሻ ጋቢውን አውልቆ ጣለ።

"ገና አልተባረከም፤ ይጠጡ። ባልዲ አምጪ! ታቦቱ ሳይደርስ!"

ወይ የዚያን ቀን ሩጫ! እኔ እቀዳለሁ፣ አባቴ ይቀበለኛል፣ እነዚያ ዱላ የመዘዙት ጎረምሶች የዓምናውን በርሜል አንከባለው አመጡና ሞላንላቸው። ከበሮው ቀረበ፣ እልልታው ቀረበ፣ ግመሎቹ ይምጋሉ። ሴትዮዋ በሶማልኛ ትመርቀናለች፤ እኔ እያለከለክሁ አስተረጉማለሁ። የመጨረሻዋ ግመል ዞር ስትል የታቦቱ ጥላ ብቅ አለ!

ሽማግሌው ቄስ ጉድጓዱን አዩ፤ ዙሪያውን የተበተነውን የግመል በጠጥ አዩ። አባቴ የሆነውን ነገራቸው። "እና ምን ልታደርግ ኖሯል?" አሉት። "ይልቅ በጠጡን ጥረጉት።"

ሲነጋ ውሃው ተባረከ። ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ምን ይዘለልበታል? ለሕዝቡ በጭልፋ ረጩት። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና በሁለት እጁ ዘግኖ አናቴ ላይ አፈሰሰልኝ። "ዘለልሽ ማለት ነው" አለኝ። እኔ ተናድጄ አለቀስኩ፤ በብርዱ ነው የማለቅሰው ብዬ ዋሸሁት።

ቅዳሴው አልቆ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ሴትዮዋ መጣች። የወተት ዕቃ ይዛለች። ሰውን ሰንጥቃ መጥታ ለአባቴ ዘረጋችለት። የግመል ወተት በእኛ ዘንድ እንደማይጠጣ የማያውቅ የለም፤ እንግዳ በእጇ ያመጣችውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። አባቴ ዕቃውን እንደተቀበለ ደርቆ ቀረ። ላብ ሲያጠምቀው አየሁ፣ በዚያ ብርድ!

ሴትዮዋ ፊቱን አየችና ሳቀች። "ለአባትሽ ንገሪው" አለችኝ፤ "የግመል አይደለም። እናንተ እንደማትጠጡ አውቃለሁ። ፍየል ያላቸው ሰዎች ዘንድ ሌሊት ሄጄ ነው ያመጣሁት።"

ነገርኩት። አባቴ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። እልልታው ቀለጠ! ጢሙ ላይ ወተት እንደቀረ፣ እንባው እየወረደ "ስሟን ጠይቂልኝ፣ ቶሎ!" አለኝ። ግን በዚያችው ቅጽበት ታቦቱ ተነሣ። ከበሮው ተመታ፣ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገፋን። "ኤዶ! ኤዶ!" እያልኩ፣ እዚያ አገር አክስት እንደሚጠራው፣ በሰው ክንድ ሥር እየሾለክሁ ሮጥኩ። ከሰዉ ስወጣ ግመሎቹ ወደ ካራማራ በኩል ርቀዋል። አቧራቸው ብቻ ይታየኛል።

አባቴ እስኪሞት ድረስ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ይጸልይላት ነበር። ስሟን ስለማያውቀው "ያቺን ባለግመል" እያለ ነው የሚጠራት። "ልጄ፣ ስሟን ሳንጠይቃት!" ይለኝ ነበር፣ ታሞ ተኝቶም። አሁን የምጸልየው እኔ ነኝ፤ የአባቴን ስም እጠራና "ያቺንም ባለግመል" እላለሁ።