ባለ ፎቁ ተሳቢ

አክስቴን ሰፈሩ «እስቲ ልየው» ይላታል። ራሷ ሳትሞክረው የምትገዛው ነገር የለማ። አልጋ ልትገዛ ሄዳ ሱቁ ውስጥ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወስዷት፣ የተነሳችው ባለሱቁ መብራት ሊያጠፋ ሲል ነው። ያም ሆኖ አልጋውን አልገዛችውም፤ «ትራሱ ነው ያስተኛኝ» አለች። ከእሷ ጋር ዕቃ መግዛት ፈተና ነው። ተፈታኙ ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ የወንድሟ ልጅም የትራክተሯ ሾፌርም በመሆኔ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ኑሮዋ በጎቿና ላሞቿ ናቸው። ጎህ ሲቀድ በረት ትገባለች፤ የትኛዋ በግ እንደሳለች አልጋዋ ላይ ሆና ታውቃለች፤ ላሞቹን ስታልብ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ትነግራቸዋለች። እኔ የሰማሁትን ወሬ ላሞቹ ቀድመውኝ ነው የሚያውቁት።

ባለፈው ዓመት እንስሶቹን ከታችኛው ግጦሽ ወደ ላይኛው ስናጓጉዝ ከአሮጌው ተሳቢ መወጣጫ ላይ ወደቀችና ትከሻዋ ተጎዳ። ያ ተሳቢ በሩም የሆነውን መወጣጫ ለማንሳት ብቻ አራት ጎረምሳ ይፈልጋል። የሰፈራችን ጎረምሶች ደግሞ ተራ በተራ ከተማ ገብተው አለቁ። አንዱ የገዛ ልጇ ነው፤ ከተማ ውስጥ ጥርስ ሐኪም ሆኗል። መውደቋን ሲሰማ መጣና ቁርጡን ነገራት።

«እማ፣ ከብቶቹን ሽጪና እኔ ጋ ግቢ። በቃሽ።»

«ማነው በቃሽ ያለኝ?»

«ትከሻሽ።»

ሲከራከሩ ውለው በመጨረሻ ተወራረዱ። ከሾፌሩ በቀር ማንንም ሳትጠራ እንስሶቿን ብቻዋን የምትጭንበት ተሳቢ ካገኘች ልጇ የከተማውን ነገር ሁለተኛ አያነሳባትም። ካላገኘች ሁሉንም ሸጣ ከተማ ትገባለች። እሱ ፊት ሳቅ ሳቅ አለች። የዚያን ቀን ግን ራት አልበላችም። በረት ከሌለ ጠዋት ለምን እንደምትነሳ አታውቅም፤ እኔም ብሆን እሷን ከተማ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ማሰብ አቃተኝ።

ተሳቢ ፍለጋ የሄድንበት ሻጭ አፈ ቅቤ ሰው ነው። መጀመሪያ የወሰደን እያብለጨለጨ ዓይን ወደሚወጋ አንድ ግዙፍ ተሳቢ ነበር።

«እናቴ፣ ይኼ የተሳቢዎች ንጉሥ ነው» አላት።

«እስቲ ልየው» ብላ ገባችበት። «በል ዝጋውና ይነዳ።»

«ሰው መጫን ክልክል ነው እኮ፣ እናቴ።»

«በግ ናት በላቸዋ።»

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ እኔ ሰማዩን አየሁ። ተሳቢውን ትራክተራችን ላይ አስረን ግቢውን በእግር ፍጥነት አንድ ጊዜ ዞርን። ስትወጣ ጆሮዋን ይዛለች። ወለሉ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ በጎቼ ሳይደርሱ ያብዳሉ አለች። የሁለተኛው መወጣጫ ቀጥ ያለ ስለነበር በእጅና በእግሯ እየዳኸች ልትወጣው ስትሞክር ተንሸራተተች። ሻጩ በዚህ ጊዜ ማላቡን ጀምሯል።

ሦስተኛው ወለሉ ጎማ የለበሰ ነው። በጎኑ ሰው ብቻ የምታሾልክ ትንሽ በር አለችው፤ አክስቴ በኋላ በኩል ገብታ በዚያች በር ብቅ ስትል ፊቷ በርቷል። ውስጡ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ የላይኛው፣ የበጎቹ ፎቅ፣ ቁልፍ ሲነካ በሃይድሮሊክ ወደ ታች ይወርዳል፣ በጎቹ ሲገቡበት ይነሳል፣ ከዚያ ላሞቹ ምድር ቤቱን ይይዛሉ። «ሊፍት ያለው ቤት ልጄ እንኳ የለውም» አለች። ሻጩ መወጣጫውን ሊያነሳላት ሲንደረደር «አትንካ» ብላ በጤነኛ እጇ ሳብ አደረገችው። የመወጣጫው ሞላ አገዛትና ያለ ድካም ተዘጋ። ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን ተናፈጠች። ተሳቢውን የዚያኑ ቀን ገዛችው።

በመጫኛው ቀን ልጇ ነጭ ጫማ አድርጎ መጣና እጁን አጣጥፎ ቆመ። እኔ ትራክተሩ ላይ ተቀምጬ አንገቴን እንኳ እንዳላዞር ታዘዝኩ፤ በመስታወት ማየትን ግን ማንም አልከለከለኝም። በጎቹ ተግተልትለው ገቡና ፎቃቸው ተነሳ። ላሞቹም ተከተሉ። የመጨረሻዋ ቀይ ላም መወጣጫው ላይ ስትደርስ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ወደፊትም ወደኋላም የለ። ልጇ ጠጋ ሲል «ባለህበት» አለችው።

ላሚቱን አልገፋቻትም፣ አልጮኸችባትም። በትንሿ በር ዞራ ገባችና ወለሉ ላይ ዘና ብላ ተቀመጠች። ከዚያ የጎረቤቷን ወሬ ጀመረች፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ላሚቱ አንገቷን አሰገገች። ትንሽ ቆየችና ወሬው አምልጧት እንዳይቀር ሰተት ብላ ገባች። አክስቴ በመጣችበት ሾልካ ወጣች፣ መወጣጫውን በአንድ እጇ አንስታ ቆለፈች፣ ልጇንም አየችው።

«እህስ፣ ዶክተር?»

«አሸነፍሽኝ» አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምነው፣ አቧራ ገባብህ?»

«አይደለም እማ።» ጫማውን እያየ ነው የሚያወራው። «ስለ ትከሻሽ ያልኩት እውነቴን ነው። ግን ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ማታ ስገባ በላህ ወይ የሚለኝ ሰው የለም። ትመጫለሽ ብዬ አንዱን ክፍል ቀለም አስቀብቼ ነበር።»

አክስቴ ጠጋ አለችው። እበት በነካው እጇ ጉንጩን ያዘችው፤ እሱም አልሸሸም።

«ብትነግረኝም ከብቶቼን ሸጬ አልመጣም ነበር» አለችው። ለማጽናናት ብላ እንኳ አትዋሽም። «ግን በየእሁዱ እመጣ ነበር። ሥራ በዝቶብኛል ስትለኝ አምኜህ እኮ ነው የቀረሁት። ስንት እሁድ አቃጠልክብኝ፣ አንተ ልጅ?»