ፊደል የሚበላው ማተሚያ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት መካነ ሰላም ዝናብ ይዞት ነበር። ከአቀስታ ያመጣኝ ሚኒባስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለዘገየ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ የደረስሁት ረፍዶብኝ፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጨቅይቶ ነው። ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«የኮምፒውተር ቴክኒሻኗ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«በይ ተከተይኝ። አንድ ዕቃ አሽገሽ ደሴ ትልኪያለሽ።»

ዕቃው የብሬል ማተሚያ ነበር፤ ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቧቸውን ነጥቦች ወረቀት ላይ የሚወጋ ማሽን። የዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ክፍል የሚመሩት መምህር ሰይድ አማርኛ ያስተምራሉ፤ እርሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ።

«ምን ሆነ ማሽኑ፣ መምህር?» አልኋቸው።

«ፊደል ይበላል። ደሴ ከሄደ ግን ከፈተናው በፊት አይመለስም። ዘምዘም ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በምን ታጠናለች?»

ዘምዘም ጥግ ላይ ተቀምጣ ታነብ ነበር። ጣቷ መስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ሰላም ስላት ፈገግ አለች።

አቶ ደምሴን ጥቂት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። «ካልሠራልሽ ታሽጊዋለሽ» ብለው ሄዱ።

ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ማተሚያው አማርኛ ስለማያውቅ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጽፎለት ነበር። ፕሮግራሙ የጽሑፍ ፋይል ይከፍታል፣ መስመር በመስመር ያነባል፣ ፊደሉን ወደ ነጥብ ቀይሮ ለማተሚያው ይሰጣል። ከዚያ ሰውየው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። በቅን ልብ የተሠራ ሥራ ነበር፤ ያለ እርሱ ክፍሉ የሚነበብ ነገር አይኖረውም ነበር።

ሁለት ፋይል አዘጋጀሁ፤ አንዱ መስመሮቹ አጫጭር፣ ሌላው ረጃጅም። መምህር ሰይድ የመጀመሪያውን ዳስሰው «ይሄ ንጹሕ ነው» አሉ። ሁለተኛው ላይ ግን ጣታቸው ቆመ። «እዚህ ጋ ቃሉ ተቆርጧል። እዚህም።»

የተበላሸ ማሽን አጭርና ረጅም መስመር አይለይም። ማተሚያውን ትቼ ፕሮግራሙን ከፈትሁ።

በገበያው ቀን የዘምዘም አባት ከወግዲ መጡ። አቶ ይማም ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው። የልጃቸውን ልብስ በጨርቅ ቋጥረው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልወስዳት ነው» አሉ። «አቃተኝ አለችኝ። ዓይኗን ብትነፈግ ጣቷ ያነብላት ነበር፤ አሁን እሱም ከዳኝ ትላለች።»

«ጣቴ ደነዘዘ» አለች ዘምዘም አንገቷን ደፍታ። «ማሽኑ ነው ቢሉኝም ድሮ እንዲህ አልነበርሁም። አሁን ግማሹ ቃል ይጠፋኛል። መምህር በቃላቸው ስለሚያውቁት ይሞሉታል፤ እኔ ግን የማላውቀውን ከየት አምጥቼ ልሙላው?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ፊደል ብቻ እየበላ እንዳልሆነ የገባኝ።

«ጣትሽ ምንም አልሆነም» አልኋት። «አባባ፣ እባክዎ እስከ ከሰዓት ይታገሱኝ።»

«አብሽሪ፣ እቆያለሁ» ብለው ቋጠሮውን መሬት አስቀመጡት።

ችግሩን አግኝቼው ነበር። ፕሮግራሙ መስመር የሚያነበው ኤፍጌትስ በሚባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ መስመሩ ሲያልቅ ያቆማል፤ ያነበበውን የሚያኖርበት መያዣ ሲሞላም ያቆማል። መያዣው መቶ ባይት ነበር፤ ባይት ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚለካበት መስፈሪያ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሚወስድ ይበቃዋል፤ የአማርኛው ግን ሦስት ይወስዳል። መስመሩ ሲረዝም መያዣው ፊደል መሀል ላይ ይሞላና ፊደሉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ግማሽ ፊደል ነጥብ ስለሌለው ፕሮግራሙ ይጥለዋል፤ የቀረውን ደግሞ እንደ አዲስ መስመር ያትመዋል።

ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ የመስመር መጨረሻ ምልክቱን እንዲፈልግ አደረግሁት። ካላገኘ መያዣውን ያሰፋና ከቆመበት ይቀጥላል። ሌላም ጉድለት ነበረ፤ ፕሮግራሙ ፋይሉ ማለቁን የሚጠይቀው ከማንበቡ በፊት ነው። የፋይል ማለቅ የሚታወቀው ግን ለማንበብ ተሞክሮ የሚነበብ ሲታጣ ነው። በዚህ የተነሳ የመጨረሻው መስመር ሁለት ጊዜ ይታተም ነበር። አሁን መጀመሪያ ያነባል፤ ያነበበው ነገር ካለ ብቻ ያትማል።

ከሰዓት በኋላ ማተሚያው አዲስ ወረቀት ሲተፋ አውጥቼ ለዘምዘም ሰጠኋት። አንብባው የማታውቀው የታሪክ ምዕራፍ ነበር። ድምፅ አውጥታ ቀስ ብላ ጀመረች። ቆይታ ፈጠነች። አባቷ በሩ ላይ እንደቆሙ ሰሟት። ገጹ ሲያልቅ ጣቷ ወደ ታች ወርዶ ባዶ ወረቀት ዳሰሰ።

«መጨረሻው አይደገምም እንዴ?»

«አይደገምም» አልኋት።

«እኔ እኮ እንድናጠናው የሚደግሙት ዋና ሐሳብ መስሎኝ የተደገመውን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ!»

መምህር ሰይድ ከት ብለው ሳቁ። አቶ ይማም ግን አልሳቁም። የልጃቸውን እጅ ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ቋጠሮውን ለእርሷ ትተውላት ብቻቸውን ወደ ወግዲ ተመለሱ።

ዘምዘም ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ማተሚያውም ደሴ ሳይሄድ ቀረ።

ዛሬ ከእኔ ጋር የሚሠሩ ወጣቶች ከፋይል መስመር ማንበብ ቀላል ነው ይሉኛል። ቀላል ነው። የመያዣ መሙላትና የመስመር ማለቅ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ለይታችሁ ፈትሹ። አንባቢ ሲደናቀፍም አስቀድማችሁ የሰጣችሁትን ጽሑፍ መርምሩ እላቸዋለሁ።