ያልጨመቅሁት እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርሁም። ስሰግድ እንኳ፣ ግንባሬ መሬት እየነካ፣ ከአፌ አላወጣሁትም፤ አላህ ያውቀው የለ ብዬ ዘለልሁት። ኮምቦልቻ እኛ ሰፈር መጥታችሁ ሰይድን ማን አስያዘው ብትሉ፣ ሁሉም የአንዲት ሴት ስም ይጠራላችኋል። እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ወንድሙ።

አጻጻፌ ቢሰባበር እለፉኝ። ትምህርቴን ከዐሥራ አንደኛ ክፍል አላለፍሁም። ደግሞም እፈራለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ደጅ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወረቀቱን ፍራሽ ሥር እከታለሁ። ዘመኑን ታውቁታላችሁ።

ሰይድ ታላቄ ነው። አናጢ ነበር። ማጅራት ገትር ይዞት ከሞት ሲተርፍ ጆሮው ተዘጋ። ይህ እውነት ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት የምር አይሰማም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ጓዳ ውስጥ ድስት ወደቀባትና ሰይድ ከመኝታው «ምን ሆንሽ እማ?» ብሎ ጮኸ። እናቴ አልሐምዱሊላህ እያለች አለቀሰች። ወዲያው እንባዋን ጠረገችና በሩን ዘጋች።

«ልጄ፣ አልተመለሰልህም» አለችው። «ጆሮህ አልተመለሰም። ሰማኸኝ?»

«አልሰማሁሽም» አላት። ሦስታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ነበር ምክንያቱ። ከሰፈራችን የተወሰደ ልጅ ሁሉ ወደ ሰሜን ነበር የሚሄደው፤ ልጁ ሳይሆን መርዶው ነበር የሚመለሰው። የቀበሌው መልማይ ጓድ ደምሴ ቤታችን መጣ። ሰይድን ጀርባውን አዙሮ አስቀመጠውና ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ከኋላው በዱላ መታ። እኔ ዘለልሁ። ሰይድ ዓይኑን አላርገበገበም። ደምሴ ሲወጣ ግን ያየው ሰይድን አልነበረም፤ እኔን ነበር። «ጆሮው አንተ ነህ አሉ» አለኝ። «በደንብ ጠብቀው እንግዲህ።»

እውነትም ጆሮው ሆንሁ። አብሬው ስሄድ ሰው የሚለውን በእጄ አስረዳዋለሁ። የሚያውቀንና የሚያስፈራ ሰው ከኋላ ከመጣ እጁን ጨመቅ አደርገዋለሁ፤ ያኔ ይጠነቀቃል። ቤታችን ጭቃ ነው፤ ግድግዳው ወሬ ያሳልፋል፤ ስለዚህ እናቴ ቤት ውስጥም ቢሆን በስሙ እንዳልጠራው አስማለችኝ። ከዚያ በፊት «ሰይዴ» ስለው «ወዬ» ይለኝ ነበር። ዓመት ሙሉ «ወዬ» የሚለኝ አጣሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ትንሽ አልነበረም።

የሚወደው ሙዚቃ ነበር። ራዲዮኗን ድምጿን ዝቅ አድርጎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማታል። በር ሲንኳኳ ከእጁ እነጥቃትና እኔ ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ።

ታዲያ መናኸሪያው አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር የሚዞር ባንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሴ ቲያትር አዳራሽ ያሳያል ይላል። በኤሌክትሪክ ጊታር ሮክ ይጫወታሉ ተብሎ ተማሪው ሁሉ አብዷል። እኔም አበድሁ። እንሂድ ያልሁት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።

«ደንቆሮ ሙዚቃ ቤት ምን ይሠራል?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ደሴ ማን ያውቀናል?» አልሁት። ቀኑን ሙሉ ነዘነዝሁት። ሌሊት ሲገላበጥ ሰማሁት። ጠዋት እሺ አለ፤ ግን አንድ ቃል አስገባኝ። «ዓይንህ መድረኩ ላይ ብቻ አይዋል። አንድ የኮምቦልቻ ሰው ካየህ እጄን ጨመቅ አድርገኝ። ጥለን እንወጣለን። ዘፈኑ መሀል ላይ ቢሆንም እንወጣለን። እሺ በለኝ።»

እሺ አልሁት። ወላሂ ብዬ እሺ አልሁት።

ለእናቴ የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አልናት። ስንወጣ ጎረቤታችን እትዬ ይመኙሻል ደጃቸውን ይጠርጉ ነበር። ሰይድ ሸሚዙን ተኩሷል፤ እኔም የእሱን ጃኬት ለብሻለሁ። «ወዴት ነው? ሚዜ መሰላችሁ እኮ!» ብለው ሳቁብን። «ደሴ፣ ሐኪም ቤት» አልኋቸው። «እንግዲያ ሐኪሟ ቆንጆ ናት ማለት ነው!» አሉ። ይኼው ነው። እሳቸው ስለዚያ ቀን የሚያውቁት ይኼው ብቻ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ባንዱ መጀመሪያ የግዴታውን፣ የአብዮቱን መዝሙር ዘፈነ፤ ቆመን አጨበጨብን። ከዚያ ጎፈሬው የገዘፈ ጊታር ተጫዋች ወደ ፊት ወጣና ክሩን አንድ ጊዜ ሲመታው ወንበሩ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ከጎናችን ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን ያዙ።

«ይኼ ጊታር ነው ወይስ ወፍጮ?»

«አባባ፣ ዝም ብለው ይስሙ!» አላቸው ከፊት ያለ ጎረምሳ።

«ምኑን ልስማ ልጄ? ደንቆሮ ብሆን ነበር የሚሻለኝ!»

ሰይድ ኮሌታውን ነክሶ ሳቀ። በክርኑ ጎሸመኝ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር፤ እንደ ተስማማነው። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። ፊቱ ከበሽታው በፊት የነበረውን ፊት መሰለ።

ጊታሩ ብቻውን ሊጫወት ሲል የመድረኩ መብራት ዞሮ ሕዝቡን አበራው። ወደ ኋላ ዞርሁ። ደምሴ ነበር። ሁለት ረድፍ ከኋላችን፣ ካኪውን ለብሶ። መድረኩን አያይም። ወደ ታች ነው የሚያየው። የሚያየውን አየሁ። የሰይድ እግር ከበሮውን እየተከተለ ወለሉን ይመታል።

ከበሮ እኮ ወለል ያናውጣል፣ የደንቆሮም እግር ሊመታ ይችላል አልሁ ለራሴ። ግን ጨመቅ ላደርገው ይገባ ነበር። አንዲት ጊዜ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር! አልጨመቅሁም። ይልቅ ጣቶቼን አላላሁ፤ መንቀጥቀጤ እንዳይሰማው፣ ተነሥቶ እንዳይሄድብኝ አላላሁ። ይህ ጊታር ይለቅና እነግረዋለሁ አልሁ። ይህ ብቻ ይለቅ።

ለእሱ ደስታ ብዬ ነው ልል ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ለምን እዋሻለሁ? ጊታሩን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን ለአንድ ዘፈን አቆየሁት። እኔ አቆየሁት።

መብራቱ ያኔ ጠፋ። ጊታሩ እንደ ታረደ ነገር ድምጹ ተቆረጠ። ከበሮ መቺው ብቻ ጨለማው ውስጥ መምታቱን ቀጠለ። አንድ ሰው ከኋላ «አፈሳ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ወደ በሩ ተናወጠ። ወንበር ተሰበረ፣ ሴት ጮኸች፣ አንድ ከባድ ነገር ደረቴን ገፋኝ፤ የሰይድ እጅ አመለጠኝ። ፈለግሁት፣ የለም። ደምሴ ከኋላዬ እንዳለ አውቃለሁ። እያወቅሁ ጮኽሁ።

«ሰይዴ!»

«ወዬ!» አለኝ። «አብሽር፣ አለሁ! እዚህ ነኝ!»

ይህንንም ልናገር። ያን ጊዜ፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ደስ አለኝ። ዓመት ሙሉ የናፈቅሁት ቃል ነበር።

መብራቱ መጣ። አፈሳ አልነበረም፤ መብራት ብቻ ነበር የጠፋው። ሰው እየሳቀና እየተሳደበ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ እኔም ተቀመጥሁ። ደምሴ ሰይድ አጠገብ ቆሟል። አልጮኸም። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው።

«አልሐምዱሊላህ በል እንጂ ሰይድ! ሐኪሙን ያቃተውን ጨለማ ፈወሰው።»

ሰይድ እስከ መጨረሻው አልተወም። ግራ እንደ ተጋባ ሰው ወደ እኔ ዞረ፤ ምን እያለ ነው ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። በእጄ እንዳስረዳው ነበር የሚጠብቀው። ጆሮው እኔ አልነበርሁ? እጆቼ አልተነሡም። ጭኔ ላይ ሞቱ።

«ተወው» አለኝ ደምሴ። «አስተርጓሚ ከእንግዲህ አያስፈልገንም።»

ሰይድ ያኔ ገባው። ደምሴን ሳይሆን እኔን ቁልቁል አየኝ። ከመቼ ጀምሮ አይተኸው ነበር ብሎ አልጠየቀኝም። ትከሻዬን መታ አደረገና «አብሽር» አለኝ። ደምሴ ክንዱን ይዞ ወሰደው። ባንዱ ከቆመበት ጀመረ። እኔ አልተነሣሁም። አልተከተልኋቸውም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ተቀመጥሁ፤ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ያላጨበጨበ የሚታይ መስሎኝ፣ እኔም አጨበጨብሁ። ወንድሜ እየተወሰደ አጨበጨብሁ።

የደሴን ቁልቁለት ብቻዬን ወረድሁ። እናቴ በሩ ላይ ነበረች። «ወንድምህስ?» አለችኝ። ስለ ባንዱ መናገር አልቻልሁም። «መናኸሪያ ላይ ጠበቁን» አልኋት። «ገና ከአውቶቡሱ ስንወርድ ያዙት።» እንግዲህ ጠብቀው ከያዙት የነገራቸው ሰው አለ ማለት ነው። እናቴ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። «ስትወጡ ማን አያችሁ?» አለች።

ማን አየን? «እትዬ ይመኙሻል» አልሁ።

ሌላ አልጨመርሁም። መጨመርም አላስፈለገም። ስንት ዓመት ጨው የተበዳደሩ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ እሳቸው በፋሲካ ሙስሊም ያረደውን ገዝተው እናቴን የሚጋብዙ፣ በዒድ እኛ ቤት የሚውሉ። እናቴ ደጃቸው ላይ ቆማ ረገመቻቸው። «በማርያም፣ እኔ አልተነፈስሁም!» እያሉ እትዬ ይመኙሻል አፈር ነክተው ማሉ። እኔ ከእናቴ ኋላ ቆሜ ነበር። ወደ እኔ አዩ። «አንተ ልጅ፣ ንገራት እስቲ» አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ።

ሰፈሩ ቡና መጥራት አቆመ። ሰላምታም ነፈጋቸው። ዕቃቸውን ጭነው ደጋን ከተማ እህታቸው ዘንድ ገቡ። የሰይድ መርዶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀበሌ ጠርተው ለእናት ሀገር ተሰዋ አሉን። የት እንደ ተቀበረ አልነገሩንም። ሬሳ የለም፤ መቃብር የለም። ለቅሶው ላይ እትዬ ይመኙሻል ከደጋን ድረስ መጡ። እናቴ ከደጅ መለሰቻቸው። ያንም አየሁ። ያንም ዝም አልሁ።

አሁን ሁለት ዓመት ሆነ። ባለፈው ሳምንት እትዬ ይመኙሻል ታመው አልጋ ላይ ናቸው የሚል ወሬ ደረሰን። እናቴ «ሥራዋ ነው፤ አላህ ከፈላት» አለች። እንጀራውን ትቼ ተነሣሁ። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ነገ ደጋን እሄዳለሁ። አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ እነግራቸዋለሁ። ስመለስ ለእናቴ እነግራታለሁ፤ ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ከደምሴ ይልቅ እሷን እፈራለሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ ተናገርሁ፤ ነገ ልቤ ከድቶኝ ብቀር የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ።

ሰይዴ፣ አፉ በለኝ። ወዬ እንደማትለኝ አውቃለሁ። ልጅ ነበርሁ አልልህም። ፈርቼ ነውም አልልህም። የፈራ ሰው የያዘውን እጅ ይጨምቃል። እኔ አልጨመቅሁም።