የአርባ አንድ ቁጥር ቆርቆሮ

ሰዉ ሁሉ «ቆጣሪው» ይለዋል። የጀልባ ጣቢያው ንብረት ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ገመድ፣ መቅዘፊያና የነዳጅ በርሜል ሲቆጥር የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባል? ሚስቱ እንኳ «ሲጸልይም እየቆጠረ ነው» እያለች ትቀልድበታለች። ሐይቁን በዋና የማቋረጥ ውድድር ሲጀመርም ዋናተኞቹን የመቁጠሩ ሥራ ያለ ክርክር እሱ ላይ ወደቀ።

ዘዴውን ያመጣው ራሱ ነው። የእንጨት ሰሌዳ ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን አረንጓዴ ቀብቶ በሁለቱም በኩል ሚስማር መታበት። ዋናተኞቹ ሲገቡ ቁጥር የተጻፈባትን ቆርቆሯቸውን ቀዩ ላይ ይሰቅላሉ፤ የወጣ ደግሞ የራሱን አንሥቶ ወደ አረንጓዴው ያዛውራል። ቀዩ ባዶ ሲሆን ባንዲራ ይውለበለባል፤ ነፍስ አድን ጀልባዋም ትመለሳለች። ሕፃን እንኳ የሚገባው ነገር ነው። የደህንነት ፈቃድ ሰጪዎቹ አይተው ወደዱት፤ የመድን ድርጅቱም በእሱ ተማምኖ ዋስትና ሰጠ። ስምንት ዓመት አንድ ሰው አልጎደለም።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ዛሬ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ነፋስ ተነሣ። ቀዩ ላይ የቀረችው አንዲት ቆርቆሮ ናት፤ አርባ አንድ፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊዋ ወንድ ልጅ ቁጥር። የክብር እንግዳው ሰዓታቸውን ያያሉ። አስተባባሪው «በል እንጂ ጨርስ፣ ሰውዬው ሊሄዱብን ነው» እያለ ይነዘንዘዋል። ቆጣሪው ወደ ውሃው ዞር ቢል አንድ የተወዳዳሪ ነጭ ቆብ ከዳርቻው ሃያ እርምጃ ላይ ወዲህ ይመጣል። ይኸው መጣ አለ በልቡ። እጁን ዘርግቶ አርባ አንድን አነሣና አረንጓዴው ላይ ሰቀላት። ባንዲራው ተውለበለበ፤ ጀልባዋ ተመለሰች።

ባለ ነጭ ቆቡ ግን ቀድሞ ወጥቶ፣ ቁጥሩን አዛውሮ፣ ለጨዋታ ተመልሶ የገባ ሌላ ዋናተኛ ነበር። የልብስ ሰፊዋ ልጅ በሁለተኛው ቀን ከወዲያኛው ዳር ሸምበቆ ውስጥ ተገኘ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

መርማሪዎች መጡ። ሰሌዳውን ቢያዩ አርባ አንድ አረንጓዴው ላይ ናት። «ማን አዛወራት?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ደንቡ ባለቤቱ ያዛውራል ይላላ! ቆጣሪውን የጠየቁት «ጀልባዋ ስትመለስ ቀዩ ባዶ ነበር?» ብለው ነው። «ባዶ ነበር» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ እውነትም አልተናገረም። ሪፖርቱ «ሟች ውድድሩን ጨርሶ ከወጣ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ በመግባቱ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። የመድን ድርጅቱ ለእናቱ አልከፍልም አለ፤ ውድድሩም ታገደ። ሰፈሩ ደግሞ «ምን አቅበጠበጠው?» ሲል ከረመ። ሞቶም ጥፋተኛው እሱ ሆነ።

«ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው የቆጣሪውን ሆድ አላየም። እህል አስጠላው፤ ሰው ሲስቅ ይደነግጣል፤ ዕቃ ቤት ውስጥ አንዱን መቅዘፊያ ሦስቴ ይቆጥራል። ስንት ጊዜ ሊናገር ተነሥቶ ስንት ጊዜ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ።

ዘንድሮ ውድድሩ ይመለስ ተባለና የደህንነት ዕቅዱን የማሻሻሉን ሥራ ለእሱ ሰጡት። ምስኪን፣ መካሻ ያገኘ መሰለው። ነጩን ቆብ በብርቱካንማ ለወጠ፤ ጀልባዋን ሁለት አደረገ፤ ከሁሉ በላይ ግን አንድ አንቀጽ ጻፈ፦ ቆርቆሮዋ በዋናተኛው የእጅ አንጓ ላይ ታስራ ውሃ ትገባለች፤ ዋናተኛው ካልወጣ እሷም አትወጣም። ከዚያ ምልልሱ መጣ። ፈቃድ ሰጪው መጀመሪያ መድን አምጣ ይላል፤ መድኑ መጀመሪያ ፈቃድ አምጣ ይላል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። በአራተኛው ወር የመድን ድርጅቱ ገምጋሚ አስጠራችው። ትሑት ወጣት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችው።

«አባቴ፣ ቆቡንም ጀልባውንም ተቀብያለሁ» አለችው። «ቆርቆሮዋን እጅ ላይ ማሰር ግን ለምን አስፈለገ?»

«ሌላ ሰው እንዳያዛውራት ነዋ ልጄ።»

«ሌላ ሰው አዛውሯት ያውቃል?»

ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን እስክሪብቶዎች መቁጠር ጀመረ።

«እኔ እጅ ያለው ሪፖርት ሰሌዳው አልተሳሳተም ይላል። ያልተሳሳተ ነገር ይለወጥ ብዬ አለቆቼን በምን ላሳምን? የሚያውቁት ነገር ካለ ጽፈው ፈርመው እስከ ሐሙስ ያምጡልኝ፤ የድሮውን መዝገብም አስከፍታለሁ። ካልሆነ ግን በድሮው ሰሌዳ ይጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ ደግሞ አንዲት ነገር ቢነኩ ዋስትናው ፈረሰ ማለት ነው።»

ጻፈው። «ቆርቆሮዋን ያዛወርኳት እኔ ነኝ» የምትል አንዲት መስመር ናት፤ ፈርሞ ኪሱ ከተታት። የልጁ ስም ይጠራል፣ እናቱ ካሳዋን ታገኛለች፣ ሌላ ሰው አይሰምጥም፤ እኔ እንደ ፍጥርጥሬ አለ። ግን እናቲቱ ከወረቀት ከምትሰማው ከአፌ ትስማው ብሎ መጀመሪያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ።

ብርቱካንማ ቆቦች እየሰፋች አገኛት። ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ፣ ከምርመራው በኋላ የሰጧት አርባ አንድ ቁጥር ቆርቆሮ ተሰቅላለች።

«ግባ ወንድሜ፣ ቆመህ አትቅር» አለችው። ወሬው እንዴት እንደ ተነሣ ሁለቱም አላወቁም፤ ስለ ልጇ ማውራት ጀመረች። «ቀብጦ ነው የሞተው ይሉኛል። ይበሉ። ደርሶ ነው የሞተው፣ ጨርሶ ነው። ድረሱልኝ እያለ ሰው አጥቶ ቢሆን ኖሮ እኔ አንድ ቀን አላድርም ነበር። ጠይቄህ አላውቅም መቼም... አንተ ሲወጣ አይተኸዋል?»

እጁ ኪሱ ውስጥ ወረቀቷን ይዟል።

«አይቼዋለሁ» አለ።

«ይስቅ ነበር?»

«ይስቅ ነበር።»

አለቀሰች፤ ከዚያ መረቀችው። ለእሷ አዝኖ ነው እንዳልል ለራሱም ፈርቷል፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሱም አያውቀውም። ሐሙስ ዕለት ለገምጋሚዋ «ሰሌዳው አልተሳሳተም» ብሏት ወጣ። በሳምንቱ ዕቅዱ በድሮው ሰሌዳ ጸድቆ ማኅተም ተመታ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የሟች ታናሽ እህት፣ ብርቱካንማ ቆቧን አጥልቃ መጣች። ከግድግዳው ያወረደቻትን ቆርቆሮ ይዛለች።

«ጋሼ፣ በወንድሜ ቁጥር ነው የምዋኘው።»

«ዘንድሮ ይቅርብሽ ልጄ። ነፋስም አለ።»

«እናቴ እኮ እሺ ያለችኝ እርስዎ እዚህ አሉ ብላ ነው!» ሳቀች። አርባ አንድን ቀዩ ላይ ሰቅላ ወደ ውሃው ሮጠች።

ቆጣሪው ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ ያዘ። እናቲቱ በርጩማዋን አምጥታ ሰሌዳው ሥር ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«ወንድሟን እንዳየህልኝ» አለችው፣ «እሷንም እይልኝ።»