የሰርክአዲስ ውታፍ

ሰርክአዲስ ቧንቧ ሠሪ ጠርታ አታውቅም። ማጠፊያ ቢወልቅ፣ ጣሪያ ቢያፈስ ራሷ መዶሻ ይዛ ትነሳለች። እኛ ጎረቤቶቿ ባለሙያ ጥሪ ስንላት በንቀት ታየናለች፤ ግትርነቷ አንዳንዴ ያናድደኛል።

ላሊበላ እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ፎቋን ለአስተማሪው ለምስጋኑ አከራይታለች። አርብ ጠዋት ወደ ኮን ከተማ ሲሄድ፣ የእጅ መታጠቢያው ውታፍ ስለተሰበረ በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ ማጠራቀም እንዳቃተው ነግሯት፣ ቁልፉን ትቶላት ሄደ። እሷም ያረጀ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ቆርጣ፣ ደራርባ ጠቅልላ ውታፍ ሠራችና በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጋ አስገባችው። ከገንዳው ጠርዝ ሥር ያለችውን የትርፍ ውሃ መውጫ ትንሽ ቀዳዳም ውሃ አባካኝ ናት ብላ በጨርቅ ደፈነቻት። ከዚያ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ውሃ ሲመጣ ድምፁ እንዲሰማት ቧንቧውን ከፍታ ተወችውና በሩን ቆልፋ ወረደች።

ከፎቁ ሥር ያለው ክፍል የመሪጌታ ገብረመስቀል ነው። በሰርክአዲስ ልጅ በደሳለ ስም ለገነተ ማርያም ቤተክርስቲያን የሚሰጥ የብራና መጽሐፍ ይጽፉላታል። ደሳለ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ መሞቱን ያየም፣ በሕይወት አገኘሁት ያለም የለም። መሪጌታ በመጨረሻው የብራና ቅጠል ላይ የክርስትና ስሙን አስቀድመው ጽፈው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጸሎት ባዶ ትተውት ነበር። እንደ ሕያው "ጠብቀው" ይበሉለት ወይስ እንደ ሙት "ነፍሱን ማር"? ሲጠይቋት ሁሌ ነገ ትላቸው ነበር። በዚያው ጠዋት ግን "ነፍሱን ማር ይበሉለት" አለች። እሳቸውም በቀይ ቀለም ጻፉት፤ ቅጠሉ እንዲደርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉትና በሩን ቆልፈው ለጾም ቅዳሴ ሄዱ።

እኔና ሰርክአዲስ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ውሃ መጣ የሚል ወሬ ገባ። ሴቶቹ ጄሪካን ፍለጋ ተነሱ። ሰርክአዲስ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፊቷ አመድ መሰለ።

"ደፍኜዋለሁ" አለችኝ።

ተከትያት ሮጥኩ። ስንደርስ ውሃው በደረጃው ይወርዳል። መጀመሪያ የመሪጌታን በር በትከሻዋ ገጨችው፤ አልተከፈተም። በመስኮቱ ሳይ ውሃው ከጣውላው ጣሪያ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ነገርኳት። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ላይ ወጣን። ቁልፉን ተቀብዬ እኔ ከፈትኩ። ቧንቧውን ዘጋችና ውታፉን ያዘች፤ ንቅንቅ አላለም፤ ምን ይደረግ፣ አሳምራ ሠርታዋለች። የምስጋኑን ብርድ ልብስ ወለሉ ላይ ጥለን ውሃውን ማድረቅ ጀመርን። ከሥራችን ጠብታው ይሰማል። "ገና ዛሬ የተጻፈ ነው" ትላለች፣ ደጋግማ።

መሪጌታ መጥተው በሩን ሲከፍቱ ሰርክአዲስ ደፍራ አልገባችም። ሌሎቹ ቅጠሎች ሳጥን ውስጥ ስለነበሩ ደህና ናቸው። የረጠበው የመጨረሻው ነው። ስሙ ይነበባል። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቀይ ቀለም ግን ፈስሶ አንድ ፊደል አልቀረም።

"አይዞሽ፣ ፍቄ መልሼ እጽፈዋለሁ" አሏት።

ያን ጊዜ ገባች። ቅጠሉን ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በራ፤ ደስ ብሏት ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈራሁላት።

"መሪጌታ፣ እሱን አይመልሱት" አለች። "ጠብቀው ይበሉልኝ።"

መሪጌታ ብራናውን በነጠላቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ጠረጉ።

"እንግዲያው እስኪደርቅ እንጠብቅ" አሉ።