ልጓሙ ሲላላ

ነጥብህ ደጋግሞ ካማረ ደረጃ ጨምር የሚባለው ምክር ስህተት ነው። ነጥብ የሚናገረው ዳኛው በዚያ ቀን ያየውን ነው፤ ፈረሱ ነገ ምን እንደሚችል አያውቅም። ይህን ከመጽሐፍ አገኘሁት ብል ደስ ባለኝ፤ ስለ ፈረስ ያላነበብኩት ጥቂት ነው። ያገኘሁት ግን ጭድ ተራ ነው።

ሥራዬ መጻፍ፣ ቤቴ መርካቶ ነው። አርባን ካለፍኩ በኋላ ድሬሳዥ የሚሉት የፈረስ ውድድር ውስጥ ገባሁ። ሩጫ የለበትም። ፈረሱ አሸዋ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ በታዘዘው ቦታ ይራመዳል፣ ሶምሶማ ይሄዳል፣ ክብ ይዞራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዳኞች እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ይመዝናሉ። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ይከብዳል። ጎረቤቶቼ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ “እና ማን ቀደመ?” ይሉኛል። ሰፈራችን ከመደብ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ጅምላ ያልተሻገረ ሰው ምን ነካው ተብሎ የሚታዘንለት ሰፈር ነው። “እደግ” እዚህ ምርቃትም ነው፣ ትእዛዝም ነው።

አምና ታዘዝኩ። ሦስት ጥሩ ነጥብ ተከታትሎ ስለመጣ አሠልጣኜም ጎረቤቶቼም ገፋፉኝና ደረጃ ጨመርኩ። በሁለተኛው ውድድር ዳማ ባዝራዬ ሜዳው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። አልዘለለችም፣ አልተራገጠችም። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ጥርሷን እያፋጨች ቆመች፤ አልገባም አለች። ወደ ቀድሞው ደረጃ መልሼ ሜዳ እንድትገባ ለማግባባት ወራት ፈጀብኝ። አንድ ጊዜ ከደገመችው ግን ተመልሳ እንደማትገባ አውቄዋለሁ።

ዘንድሮ ነጥቡ እንደገና አማረ። የውድድሩን የምዝገባ ቅጽ ኪሴ ውስጥ አጥፌ፣ ለባዝራዬ መኝታ የሚሆን ጭድ ልገዛ ሄድኩ። ጭድ ተራ ዛሬ ከጭድ ይልቅ ሌላው ዕቃ ይበዛበታል፤ የእኔ ደንበኛ ግን አሁንም ጭድ ይሸጣሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ በወጣትነታቸው ጋሪ ይነዱ ነበር። ስለ ነጥቡ አወራሁላቸው።

“ያደገችው እሷ ናት ወይስ ወረቀቱ?” አሉኝ።

ከዚያ እሳቸው ጭነት እንዴት ይጨምሩ እንደነበር ነገሩኝ። ፈረስ በደንብ ስለጎተተ ብቻ አይጨመርለትም። ጭነቱን እንደያዘ መንገድ ላይ ልጓሙን ያላሉለታል። ከፈጠነ ከጭነቱ እየሸሸ ነው። ከዘገየ ደክሟል። ምንም እንዳልተደረገ በዚያው እርምጃ ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ አንድ ጆንያ ይጨመራል።

“ጋሼ፣ የእኔዋ እኮ ጋሪ አትጎትትም” አልኳቸው።

“አንተን ትጎትት የለ እንዴ?”

በማግስቱ ጠዋት ሶምሶማ ላይ እያለች ልጓሙን አላላሁት። ሦስት እርምጃ ያህል እንደነበረችው ሄደች፤ ከዚያ አንገቷን አንስታ ሽምጥ ሮጠች። ያ ሁሉ ዳኞች የወደዱት ቁጥብነት የእሷ አልነበረም፤ የእጄ ነበር። እጄ ሲለቃት የቀረው ፍርሃቷ ብቻ ነው። በእኔ ዕድሜ፣ ይህን ያህል አንብቤ፣ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።

ቅጹ ላይ የድሮውን ደረጃ ሞላሁ። አሠልጣኜ ትከሻውን ሰበቀ። ጎረቤቶቼ፣ “ዘንድሮም እዚያው?” ብለው አዘኑልኝ። ሽማግሌው ብቻ ጭዱን እያሰሩ ምን እንዳደረገች ጠየቁኝ። ሮጠች አልኳቸው።

“እንግዲያ ነገም አላላላት” አሉና ገመዱን አጠበቁ።

በየቀኑ አላላላታለሁ። አሁን አሥር እርምጃ ያህል ሳትሸሽ ትቆያለች፤ አንዳንድ ቀን አሥራ ሁለት። ስለዚህ ሲኒማ ራስ አካባቢ ጭድ ተሸክሜ ካገኘኸኝ፣ ስንተኛ ደረጃ ደረስክ ብለህ አትጠይቀኝ።