ነፋስ የምትበላው እስስት

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው። ግንቦት ተጋምሷል፤ አቦቦ ላይ ግን ዝናብ አልጣለም፣ የማንጎው ቅጠል እንኳ አቧራ ለብሷል። ትናንት ልጄ ሰዓዳ እስስት በእንጨት ላይ ይዛ መጣች። ላሳድጋት ነው አለች። ስለ እስስት መናገር አልወድም።

ልጅ ሳለሁ፣ ቤተሰባችን ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚሁ ጎጆ በቀለሰበት ጊዜ፣ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች ተረት አዋቂው ሽማግሌ አባባ ይመር ደጃፍ እንሰበሰብ ነበር። ትንኝ ለማባረር ብለው እርጥብ ቅጠል ፍም ላይ ይጥላሉ፤ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ የኩራዙ ብርሃን ጢማቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ያኔ ድምፃቸው ከዚያ ጭስ ውስጥ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ የምወደው የእስስትን ተረት ነው። ፈጣሪ ለእንስሳት ምግብ ሲያድል እስስት እየተንቀረፈፈች መጨረሻ ደረሰች፤ ሥጋውም ሣሩም ውሃውም አልቆ ነፋስ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሷም ነፋሱን ተቀብላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ እህል ውሃ አትቀምስም። እዚህ ላይ አባባ ይመር አፋቸውን ከፍተው ነፋስ ይውጣሉ፤ እኛም አብረናቸው እንውጣለን።

እኔም እስስት ያዝኩ። ወገቧን በክር አስሬ፣ ከጣራው ሥር ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ እንጨት ላይ አስቀመጥኳት። አንበጣ ልሰጣት ስል አባባ ይመር «ተው፣ ታበላሻታለህ» አሉኝ። አረንጓዴዋ ጠቆረች፤ ጠቁራም ቀረች። እንደ ጉልላት ያበጠው ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። በጠራራ ፀሐይ ትጨፍናለች። ቆዳዋ ተሸበሸበ፤ እንጨቱን መጨበጥ አቃታት።

አሪየት የምትባል አኙዋክ ሴት ዓሣ ልትሸጥ መጥታ አየቻት።

«ይሄ ውሃ ጠምቶታል» አለች። «ቅጠል ላይ ውሃ እርጭ። ዓይኑ ገባ፣ አታይም?»

«ነፋስ ነው የምትበላው» አልኳት።

ሳቀች። «ነፋስ? እንግዲያ አንተም ነፋስ ብላ! ዓሣዬን ለምን ታያለህ?»

አባባ ይመር ከደጃፋቸው ሰምተው «አንቺ ስለ ዓሣሽ ተናገሪ፤ የእስስቱን ለእኛ ተይው» አሏት። ሰፈሩ ሳቀባት። እስስቷ በማግስቱ ሞተች።

በዚያው በጋ ታናሽ እህቴን ዘይነባን ተቅማጥ ያዛት። እናቴ እንደ ልማዱ አባባ ይመርን ጠየቀች። «ሆዷ ይረፍ፤ ውሃ ካጠጣችኋት ይብስባታል» አሉ። ያኔ በየቤቱ የሚደረገው ይኸው ነበር። ዘይነባ ውሃ እያለች አለቀሰች፤ ቆይቶ እንባዋም ደረቀ። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። የሆዷን ቆዳ ይዤ ስለቀው ተሸብሽቦ ቀረ። ጣቴን ስሰጣት አልጨበጠችውም።

«እማዬ፣ ዓይኗ እንደ እስስቷ ሆኗል፤ ውሃ እንስጣት» አልኩ።

እናቴ በጥፊ መታችኝ። «እህትህን ከእስስት ጋር ታወዳድራለህ?»

ዘይነባን ከማንጎው ማዶ ቀበርናት። አባባ ይመር ከቀብር መልስ ልጆቹን ለማጽናናት ብለው ያንኑ ተረት ጀመሩ። ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ተረት ልሰማ አልተቀመጥኩም፤ ለልጆቼም ተርቼ አላውቅም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚመረኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ጠልቻቸው እገላገል ነበር። ድምፃቸው ያን ያህል ባያምር ኖሮ፣ ምናልባት አሪየትን የሚሰማ ሰው ይገኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ ሰዓዳ እስስቷን ከጣራው ሥር ደረቅ እንጨት ላይ አድርጋ ታያታለች።

«አባ፣ ይህቺ ነፋስ ነው አይደል የምትበላው?»

«ማን አለሽ?»

«ልጆቹ። ሁሉም ያውቃል እኮ።»

አባባ ይመር ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ። ተረቱ አልሞተም።

እስስቷን አንስቼ ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አደረግኋት፤ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችውን ውሃ እፍኜ ላይ ገልብጬ ቅጠሉ ላይ ረጨሁ። ቆይታ አንድ ዓይኗን አዞረች፤ ከዚያ ጠብታውን ላሰች። ዓይኗ ሲጎደጉድ፣ በቀን ስትጨፍን፣ ቆዳዋ ሲሸበሸብ፣ መጨበጥ ሲያቅታት ጠምቷት እንደሆነ ለሰዓዳ ነገርኳት። ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

«ሰውስ?» አለችኝ።

«ሰውም» አልኳት። «ሲመሽ ልጆቹን ጥሪያቸው። ተረቱን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ውሃውንም ጨምሬ።»

ባዶውን ጀሪካን አንስቼ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ።